ለባለ ሸራ ጀልባ የሚሆን የመጸዳጃ ማጠራቀሚያ፦ ጣና ላይ የትኛው ያዋጣል?

ባለሸራው (ባሕር ዳር)፣ ጥቅምት 11

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑዴን የበላችው ጀልባዬ ልትጠናቀቅ ጥቂት ቀርቷታል። ርዝመቷ 8 ሜትር ተኩል ነው፤ አካሏ ፋይበር ግላስ፣ ምሰሶዋ አንድ፣ ሸራዋ ሁለት። ትንሽ ሞተርም አላት። ጠዋት ጠዋት ጣና እንደ መስታወት ስለሚተኛ ያለ ሞተር ከወደብ መውጣት አይታሰብም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ግን ሸራው ይሠራል። የለፋሁት ለዚያች ሰዓት ነው።

የቸገረኝ መጸዳጃው ነው። አሳቤ ከባሕር ዳር ተነሥተን ዘጌ መዋል፣ ደቅ ማደር፣ ቁንዝላ ደርሶ መመለስ ነው፤ አራት ሰው፣ ሦስት ቀን። ባለቤቴ ቁርጡን ነግራኛለች፦ በር ያለው መጸዳጃ ከሌላት አልሳፈርም፣ ፖፖ ተሸክሜም ደቅ አልገባም። ስለዚህ ከምሰሶው ሥር 90 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነች ክፍል ትቼለታለሁ።

ሦስት ነገር እያወጣሁ እያወረድኩ ነው። አንደኛው ሁለት ክፍል ያለው ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ነው፤ ላይኛው መቀመጫና ንጹሕ ውሃ፣ ታችኛው 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ተነቅሎ የሚወጣ ሳጥን። ሁለተኛው በእጅ ፓምፕ የሚታጠብ ቋሚ መጸዳጃ ሲሆን ከአልጋው ሥር 60 ሊትር ታንከር ይቀመጥለታል፤ ሲሞላ ከላይ በኩል በቱቦ ይመጠጣል። ሦስተኛው ሽንትን ከዓይነ ምድር የሚለየው ደረቁ መጸዳጃ ነው፤ ውሃ አይነካውም፣ ሰጋቱራ ይበተንበታል። ልቤ ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ የሰው ቤት የሚመስለው እሱ ነው። ዋጋው ግን ያስፈራል፤ አንዴ ከተገጠመ ደግሞ መንቀል የለም። የሞከረ ካለ ይምከረኝ።

ጉማሬ (ባሕር ዳር)፣ ጥቅምት 11

ወንድሜ፣ ስሜን አይተህ መልሴን ገምት። በዓባይ መውጫ ለሚያድሩት ጉማሬዎች መጸዳጃ ማን ሠራላቸው? ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ውሃ ላይ የአንተ አራት ሰው ከየት ይታያል? ሁለት ዓመት ጀልባ የሠራ ሰው መጨረሻ ላይ ስለ ባልዲ እንቅልፍ ሲያጣ ማየት ያስቃል። ከኋላ በኩል መሰላል ሥራላትና ጉዞህን ጀምር።

የደቅ ልጅ፣ ጥቅምት 11

ጉማሬ፣ አንተ ስትስቅ እናቴ ዛሬ ጠዋት ከዚሁ ውሃ ቀድታ ቡና አፍልታለች። ደቅ ተወልጄ ደቅ ያደግሁ ነኝ። ውሃ የምንቀዳው፣ ልብስ የምናጥበው፣ ልጆች የሚዋኙት ጀልባ በሚቆምበት ዳር ነው። እንግዳም መልህቅ የሚጥለው እዚያው ነው፤ መሀል ሐይቅ ላይ የሚያድር ሰው አላየሁም። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትሩን ለካርታ ተውለት። እኛ የምንጠጣው ያንን ሃምሳ ሜትር ነው።

ቧንቧና ጤና፣ ጥቅምት 12

ሙያዬ የውሃና የንጽሕና ምሕንድስና ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጉማሬ ሆይ፣ ጉማሬ የሰውን ቢልሃርዝያ አይዘራም፤ ሰው ነው የሚዘራው። የአንጀት ቢልሃርዝያ እንቁላል ከታማሚው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ጨው የሌለው ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ ከዚያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። ከሳምንታት በኋላ ከአንዲት ቀንድ አውጣ እጅግ ብዙ ሆኖ ይወጣና ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣዋ የምትወደው ደግሞ ሣር ያለበትን፣ ማዕበል የማይመታውን ጸጥተኛ ዳር ነው፤ ማለትም መልህቅ የሚጣልበትን። በጣና ዙሪያ ይህ በሽታ እንግዳ አይደለም። አንድ ጀልባ ብዙ ነገር አይለውጥም የሚለው ክርክር የሚሠራው ለቆሻሻው ክብደት ነው፤ ለእንቁላል አይሠራም።

ባለሸራው ስለ ጀልባ መጸዳጃ ስታነብ 12 የባሕር ማይል የሚል ቁጥር ሳታገኝ አትቀርም። እሱ ማርፖል የሚባለው የመርከቦች ብክለት ስምምነት አራተኛ አባሪ ነው፤ በፈረንጆች 2003 ሥራ ላይ ውሏል። ያልታከመ ፍሳሽ ከየብስ ከ12 የባሕር ማይል ማለትም ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ ተርቆ ይለቀቅ ይላል። የተጻፈው ግን በአገሮች መካከል ለሚመላለሱ ትልልቅ መርከቦች፣ ያውም ለባሕር ነው። ጨዉ የቢልሃርዝያን እንቁላል አያስፈለፍልም፤ የባሕርም ጥልቀት ሌላ ነው። ጣና በጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር አካባቢ ነው። ለእኛ የሚቀርበው የአሜሪካኖቹ የሐይቅ ደንብ ነው፦ ጀልባ ከውጭ ሊገባበት ወይም ሊወጣበት በማይችል ጨው አልባ ሐይቅ ላይ የታከመ ፍሳሽ እንኳ መልቀቅ ክልክል ነው። ከጣና ደግሞ ጀልባ የት ይወጣል? በመውጫው ላይ የጨረጨራ ግድብ አለ፤ ዝቅ ሲል ጢስ ዓባይ አለ።

እምቦጩንም አትርሱ። ሽንት ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የእምቦጭ ቀለብ ነው። ዋናው ቀለብ ከእርሻና ከከተማ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ በማንኪያም ቢሆን ማጉረስ የለብንም።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። የትኛውን እንደምትመርጥ ከመወሰንህ በፊት እስክሪብቶ ያዝ። አንድ ጎልማሳ በቀን 1 ሊትር ተኩል ገደማ ይሸናል፤ ዓይነ ምድሩ ሩብ ኪሎ ያህል ነው። አራት ሰው ሦስት ቀን ሲቆይ 18 ሊትር ሽንትና 3 ኪሎ ዓይነ ምድር ይሆናል። ከሰው የሚወጣው በድምሩ 21 ሊትር ብቻ ነው ማለት ነው። የቀረው ሁሉ እኛ የምንጨምረው ውሃ ነው። ሰዉ በቀን ስድስት ስድስት ጊዜ ቢገባ 72 ጊዜ ይታጠባል። የእጅ ፓምፑ በየጊዜው 2 ሊትር ቢወስድ 144 ሊትር፤ ከ21ዱ ጋር 165። ስድሳ ሊትር ታንከርህ ከመጀመሪያው ቀን ብዙም አይሻገርም፤ ደቅ ላይ ስትነቁ ሞልቷል። ተንቀሳቃሹ በየጊዜው ሲሶ ሊትር እንኳ ስለማይወስድ ጠቅላላው 43 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ሁለት ሳጥን ሞልቶ ጥቂት ይተርፋል። ደረቁ ግን ያው 21 ሊትሩና የሰጋቱራው ነው።

ባለሸራው፣ ጥቅምት 12

መሐንዲስ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ምንም እንኳ እንቅልፌን ብትወስድብኝ። 165 ሊትር ማለት ሁለት ተጨማሪ ሰው አልጋ ሥር አስተኝቶ መሄድ ነው። ታንከሩን ከፍ አድርጌ 170 ሊትር ባደርገውስ?

በያጁ (ባሕር ዳር)፣ ጥቅምት 12

አታድርገው ልጄ። እኔ ጀልባ ስበይድ ኖሬአለሁ። ግማሽ የሞላ ሰፊ ታንከር ጀልባ ሲያጋድል ውሃው ሁሉ ወደ ዘመመበት ጎን ይሮጣል፤ ያዘመመውን የበለጠ ያዘምመዋል። ባለ ሞተር ጀልባ ይችለው ይሆናል። የአንተ ሸራ ያለበት ነው፤ ማዘመም ሥራው ነው።

ሌላው ብረቱ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ የሽርሽር ጀልባ ባለቤት ከማይዝግ ብረት ታንከር ሠርቼ ነበር። የማይዝግ ነው ብዬ ገንዘብ ተቀብያለሁ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ብየዳው ላይ መርፌ መርፌ የሚያህል ቀዳዳ አወጣ። ሽንት ብየዳን ይበላል። አፈርኩ፣ ግማሹን ገንዘብ መለስኩ። አሉሚኒየምም ያው ነው፣ ተራ ላሜራማ አይወራም። ቋሚ ካልክ ወፍራም ግድግዳ ያለው ፕላስቲክ አሠራ፤ ወፍራም ስልህ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚጠጋውን ነው። ለውሃ የሚሸጠው ቀጭኑ ሮቶ ሽታ ያሳልፋል፣ ጀልባ ሲንገላታም አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። እንደ ከረጢት የሚታጠፈውንም ሲያመጡ አይቻለሁ፤ እንጨት ለእንጨት ሲታሽ ይቀደዳል። አልጋ ሥር ሲቀደድ አስበው።

ከማርቆስ እስከ ኦንታሪዮ፣ ጥቅምት 13

ደብረ ማርቆስ ያደግሁ፣ አሁን ቶሮንቶ የምኖር ነኝ። አራት ሆነን የያዝናት አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ኦንታሪዮ ሐይቅ ላይ አለችን። እዚህ መጸዳጃ ያላት ጀልባ ማጠራቀሚያ ሊኖራት ግዴታ ነው፤ ሐይቁ ላይ መልቀቅ ያስቀጣል። ቋሚውን ስርዓት ከነጓዙ ስለማውቀው ልናገር፤ ባለሸራው ልብህ ወደዚያ ስላዘነበለ ደግሞ ደህና አድርገህ ስማኝ።

ሽታ ከታንከሩ ይመጣል ብላችሁ ትገምታላችሁ። የመጀመሪያውን ክረምት ታንከሩን አውጥተን አጠብን፣ በአቼቶ ፈተግን፣ መድኃኒት ጨመርን፤ ሽታው ንቅንቅ አላለም። በኋላ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ቱቦው ላይ ጠምጥሞ ጥቂት አቆየና ጨርቁን አሸተተን። ታንከሩ ንጹሕ ነበር፤ ሽታውን በግድግዳው እያላበ የሚያወጣው ላስቲኩ ቱቦ ነበር። ዝቅ ያለና ፍሳሽ የሚተኛበት ቦታ ካለ ርካሽ ቱቦ ቶሎ ይሸነፋል። ስለዚህ በሚቻለው ሁሉ ደረቅ የፒቪሲ ቧንቧ፣ በመታጠፊያው ብቻ ለፍሳሽ የተሠራ ወፍራም ቱቦ። ይህን ሳላውቅ ስንት እሑድ እንደጠፋብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሁለተኛው መተንፈሻው ነው። ሰው ሽታ እንዳይወጣ ብሎ መተንፈሻውን ያቀጥነዋል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። አየር ያገኘ ፍሳሽ ያን ያህል አይከረፋም። አየር ሲታፈን የሚበዙት ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣሉ፣ እሱም በተዘጋ ክፍል ለሕይወት ያሰጋል። ከ25 ሚሊ ሜትር ያላነሰ፣ አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ ቢቻል በቀኝም በግራም አንድ አንድ። መተንፈሻው በተርብ ጎጆ ተደፍኖ ሳታውቅ በኃይለኛ መምጠጫ ብታስመጥጥ ታንከሩ እንደ ጣሳ ይጨማደዳል።

ሦስተኛውን በፍርሃት ነው የምጽፈው። ቋሚ መጸዳጃ የማጠቢያ ውሃውን የሚስበው ከጀልባው ሆድ በተበሳ ቀዳዳ ነው። ሳህኑ ከውሃ ወለል በታች ከሆነ፣ ቱቦውም ከፍ ብሎ ዞሮ በላዩ አየር የሚያስገባ ቫልቭ ከሌለው፣ ውሃው ራሱ ራሱን እየሳበ ሌሊቱን ይገባል። ወደብ ላይ እንደታሰሩ የሰጠሙ ጀልባዎች ጥቂት አይደሉም፤ ማዕበል አልነካቸውም፣ መጸዳጃቸው ነው ያሰጠማቸው። ስትወጣ ቀዳዳውን መዝጋት እንደ ጸሎት ሊለመድ ይገባል።

ይህን ሁሉ ካደረግህ ግን ቋሚውን የሚያህል የለም። በየወደቡ መምጠጫ አለ፤ ተጠግተን፣ ቱቦውን ሰክተን፣ በአሥር ደቂቃ ጨርሰን እንሄዳለን።

የደቅ ልጅ፣ ጥቅምት 13

አያ ማርቆስ፣ የመጨረሻዋን መስመር መጀመሪያ ብትጽፋት ኖሮ ሌላውን ባላነበብነው። በየወደቡ መምጠጫ አለ አልክ። ደቅ ላይ ምን አለ? ድንጋይ አለ። ቁንዝላ? ድንጋይና ጭቃ። ዘጌ ቡና አለ።

ጉማሬ፣ ጥቅምት 13

አሁን ገና ወደ ቁም ነገሩ ገባችሁ። ባልዲውን ማን ይሸከማል?

በያጁ፣ ጥቅምት 13

ጉማሬ ዛሬ ደግ ጠየቀ። ባሕር ዳር የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ይመጣል፤ በስልክ ጠርቶ ከፍሎ ማስመጣት ነው። ነገር ግን መኪናው መንገድ ላይ ይቆማል፣ ጀልባዋ ታች ናት። መምጠጫ ማለት የውጭው አየር ፍሳሹን ገፍቶ የሚያወጣው ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ፍጹም የሆነ መምጠጫ ውሃን ከ10 ሜትር ጥቂት ያሳልፋል፤ እኛ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለን አየሩ ቀሎ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። በረጅም ቱቦ፣ በወፍራም ነገር፣ በአሮጌ ፓምፕ ሲሆን ከ5 ሜትር በላይ ማሰብ ድፍረት ነው። ሐይቁ ደግሞ በመስከረምና በሰኔ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይወርዳል። በመስከረም ቱቦው የደረሰበት በሰኔ አይደርስም።

ቀይ ጥላ (አስጎብኚ)፣ ጥቅምት 14

ወንድሞቼ፣ ስለ ቱቦ ስትጨቃጨቁ ማን እንደሚቀመጥበት ረስታችኋል።

ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ወንዶቹ ወጥተው ቤተ ክርስቲያኑን፣ ሥዕሉን፣ ዕቃ ቤቱን እስኪያዩ ድረስ ሴቶቹ ጀልባ ላይ እንጠብቃለን። አንድ ሰዓት ነው ይሉናል፣ ሁለት ይሆናል። ባሕር ዳር ከመነሣታችን ጀምሮ ውሃ የማትቀምስ ሴት እንግዳ ስንት ጊዜ አይቻለሁ መሰላችሁ? እኔ ራሴ ከሥራዬ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የጨረስኩት ከንፈሬ ደርቆ፣ ራሴን እያመመኝ ነው። መጸዳጃ ለወንዱ ምቾት ነው፤ ለእኛ መሳፈርና አለመሳፈር ነው። የባለሸራው ባለቤት ትክክል ናት፣ ሰላም በሉልኝ።

ስለዚህ የማጠራቀሚያው ዓይነት ማንኛውም ይሁን፣ እነዚህን አድርግ። ከውስጥ የሚቆለፍ በር። በሁለቱም ጎን ጠንካራ መያዣ፣ ምክንያቱም ማዕበል ሲመታ ቀሚስ ሰብስቦ፣ ነጠላ ይዞ፣ ግድግዳ መደገፍ ሦስት እጅ ይጠይቃል። የነጠላ መስቀያ። ክዳን ያለው ትንሽ ቆሻሻ መጣያ፤ ሞዴስ ፓምፕ ውስጥ ገብቶ የማያበላሸው መጸዳጃ የለም፣ መጣያ ሳታስቀምጥ ደግሞ ሴትን መውቀስ አይቻልም። የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ከነቧንቧዋ። መቀመጫው እንዳይነቃነቅ ታስሮ ይግባ፤ ተንቀሳቃሽ ተብሎ የተሸጠው ከእኔ ጋር አብሮ ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ።

ደረቁን ለሚያስቡ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሽንት ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ እንዲሄድ ሁሉም ሰው መቀመጥ አለበት አሉ። ወንዶቹን ማን ያስቀምጣቸዋል?

ሰጋቱራ (መርዓዊ)፣ ጥቅምት 14

እኅቴ፣ የእኔ ቤት ሰዎች ተቀምጠዋል። ጓሮዬ ውስጥ ሽንት የሚለይ መጸዳጃ ከሠራሁ ቆየሁ፤ በቆሎዬን የምታዩ ሰዎች ታውቁታላችሁ። ስለ ጀልባ አላውቅም፣ ስለ ባልዲ ግን አውቃለሁ።

ሚስጥሩ አንድ ነው፦ ሽንትና ዓይነ ምድር አይገናኙ። ተለያይተው ሲቀመጡ ሁለቱም ጨዋ ናቸው። ሲገናኙ ነው ሰፈር የሚያስለቅቁት። ዓይነ ምድሩ ላይ በየጊዜው አንድ ሁለት ጣሳ ደረቅ ሰጋቱራ፤ የጣውላ ቤቶች በነጻ ይሰጣሉ። አመድም ይሆናል፣ እንዲያውም ተባይ ይቀንሳል፤ ሽንት ከነካው ግን የአሞኒያ ሽታ ዓይን ያስለቅሳል። የቡና ገለባም ሞክሬአለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ሻጋታ ያወጣል እንጂ።

ሽንቱ በተዘጋ ጀሪካን ስድስት ወር ከቆየ ለማንኛውም ሰብል ይሆናል፤ በውሃ አቅጥኖ አፈሩ ላይ ማፍሰስ ነው፣ ቅጠሉ ላይ አይደለም። ዓይነ ምድሩ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። የወስፋት እንቁላል በቀላሉ አይሞትም፤ ከዓመት እስከ ሁለት ዓመት ክዳን ባለው በርሜል ይቀመጥ። ሦስት ወር ቆይቶ አፈር መስሏል ብሎ ጎመን ላይ የሚበትን ሰው ጎረቤቱን ያሳምማል።

ቧንቧና ጤና፣ ጥቅምት 14

ሰጋቱራ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የተንቀሳቃሹን ሳጥን የሚያጅበው ሰማያዊ ፈሳሽ አንዳንዱ ፎርማልዲሃይድ አለበት። ባክቴሪያ ለመግደል የተሠራ ነው፣ ይገድላልም። ያንን ግቢ ውስጥ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ደጋግሞ የሚደፋ ሰው የታንኩን ሥራ ያቆማል። የግድ ከሆነ በኢንዛይም የሚሠራውን ይፈልግ።

እንደኔ ታንከሩን መምረጥ የመጨረሻው ሥራ ነው። መጀመሪያ የሚደፋበትን ጉድጓድ ይወስን፤ ከዚያ ከጀልባዋ እስከ ጉድጓዱ ያለውን መንገድ በእግሩ ይሂደው፤ ከዚያ በአንድ እጁ ስንት ኪሎ ተሸክሞ ያንን መንገድ እንደሚሄድ ይሞክር። ዕቃው ራሱ ይታወቃል።

ባለሸራው፣ ጥቅምት 19

መሐንዲስ ያለውን አደረግሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ጀሪካን ውሃ ሞልቼ፣ አንዱን 20 ሊትር አንዱን 10፣ ጀልባዋ ከምትታሰርበት እስከ ቤቴ ግቢ ሄድኩ። በባጃጅ የሚሄደውን ሳይጨምር ከዳር እስከ መንገዱ 140 እርምጃ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 30 እርምጃዎች ድንጋይ ላይ። ሃያ ሊትሩን ሁለት ጊዜ አሳረፍኩት። አሥሩን ስልክ እያወራሁ አደረስኩት። በሰኔ ውሃው ሲሸሽ ከድንጋዩ በፊት ጭቃ እንደሚጨመር አልረሳሁም።

ቋሚው ታንከር እዚያው ሞተ። ተንቀሳቃሹም ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ቅርጹ ደግሞ ሰው ያየው ዕቃ ስላልሆነ ባጃጅ ላይ ይዤው ስወጣ የማይጠይቀኝ የለም። ጀሪካን ይዞ ማን ይጠየቃል? ስለዚህ ደረቁን ራሴ ልሠራው ነው። መለያውን ሳህን ከፋይበር ግላስ አወጣለሁ፣ ሽንቱ በቱቦ ወደ 10 ሊትር ጀሪካን፣ ሌላው ክዳን ወዳለው ባልዲ። ለሦስት ቀን ሁለት ጀሪካንና አንድ መለዋወጫ፣ ሁለት ባልዲ። ከጀልባዋ ሆድ አንዲት ቀዳዳ አልበሳም፤ እምቦጭ የሚደፍነው ነገር የለም፣ ሌሊት የሚያሰጥመኝም የለም።

ከማርቆስ እስከ ኦንታሪዮ፣ ጥቅምት 19

ተሸነፍኩ፤ 140 እርምጃው አሸነፈኝ። እዚህ ወደቡ እኛ ጋ ይመጣል፣ እዚያ አንተ ወደ መሬት ትሄዳለህ። አንዲት ነገር ብቻ፦ ክፍሏን በትንሽ ማራገቢያ አየር አስወጣላት። የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ይበቃል፤ በፀሐይ ባትሪ ቀንና ሌሊት ይሠራል። ሰጋቱራውን የሚያደርቀው እሱ ነው። መውጫው ላይ ትንኝ የማታሳልፍ ወንፊት አድርግ፣ አለዚያ ዝንብ ትፈለፍላለህ።

ባለሸራው፣ ኅዳር 24

ደርሰን መጣን። ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላ፣ ሦስት ቀን፣ አራት ሰው። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ የሆነውን ሁሉ ልንገራችሁ፤ ያሳፈረኝንም ጭምር።

የመጀመሪያው ቀን ምንም ሽታ አልነበረም። ባለቤቴ ገብታ ወጥታ ምንም አላለችም፤ ከእሷ ይህ ምስጋና ነው። በኋለኛው ሌሊት ጀሪካኑ ሞልቶ ሊፈስ ሲል በአጋጣሚ ደረስኩበት፤ የሚታይ መስፈሪያ አላደረግሁለትም ነበር። አሁን ነጭና ብርሃን የሚያሳልፍ ጀሪካን ገዝቼ ስምንተኛው ሊትር ላይ ቀይ መስመር አስምሬበታለሁ።

ጥፋቱ የመጣው በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ወደ ቁንዝላ ስንሄድ ነፋሱ ደህና አድርጎ ያዘን፣ ጀልባዋ አጋደለች፣ እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሁለት ዓመት የጠበቅኳት ሰዓት ናት። በመካከል የባለቤቴ ወንድም ገባና ወጣ። ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ከታች የማውቀው ሽታ መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ክፍሏ 90 በ80 ስለሆነች መቀመጫውን በጀልባዋ አግድም ነው የገጠምኩት፤ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ወደ ጎን ነው። ጀልባዋ ወደ ጀርባው ስታዘምም ሳህኑም ወደ ኋላ ይዘምማል፤ ሽንቱ ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ባልዲው ውስጥ ገባ። ሰጋቱራ ወንድማችን አይገናኙ ያላቸው ሁለቱ ተገናኙ። ሸራ አውርደን፣ ባልዲውን ከድነን፣ መለዋወጫውን አስገብተን ቀጠልን። ሰው ሁሉ ያየው ወደ እኔ ነበር።

ተመልሼ መቀመጫውን ነቅዬ አዞርኩት፤ አሁን የተቀመጠ ሰው ፊቱ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ነው። ሲያጋድል ሳህኑ ወደ ጎን ይዘምማል እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። ጉልበት በር ይነካል፤ በሩን ወደ ውጭ የሚከፈት አደረግሁት።

መጨረሻ ላይ የወጣው 16 ሊትር ሽንትና አንድ ባልዲ ተኩል ነው። ሽንቱ ግቢዬ ውስጥ ታሽጎ ተቀምጧል፣ ባልዲው በርሜል ውስጥ ገብቷል፤ በርሜሉ ላይ ቀኑን በኖራ ጽፌበታለሁ።

ቀይ ጥላ፣ ኅዳር 24

አሥራ ስምንት ብለው የሰጉለት አሥራ ስድስት ሆነ፤ አንዷ ሴት ውሃ አልጠጣችም ማለት ነው። ባለቤትህን ጠይቃት።

ባለሸራው፣ ኅዳር 25

ጠየቅኋት። የመጀመሪያውን ቀን እንዳልጠጣች አመነች። «እስካምነው ድረስ ነው» አለችኝ።

በያጁ፣ ኅዳር 25

መያዣዎቹን በምን አሰርካቸው? በእንጨት ብሎን ብቻ ከሆነ በፋይበሩ በኩል ይነቀላሉ። ከጀርባው ላሜራ ደግፈህ በብሎን እሰረው። ቅዳሜ ወርክሾፕ ና፣ ቁራጭ ላሜራ አላጣም።

ጉማሬ፣ ኅዳር 26

እኔም የጥምቀት ሰሞን ደቅ ዘመድ አለኝ። ቦታ ይኖር ይሆን?

ባለሸራው፣ ኅዳር 26

ቦታ አለ። ተቀምጠህ ከሆነ።

የደቅ ልጅ፣ ኅዳር 26

ይምጣ፤ እናቴ ቡና ታፈላለታለች። ከዚያው ውሃ።